የምክር ዓምድ፦ «ያን ቀን ያደረግሁት ጫማ የእሷ ነበር»

ውድ አማካሪ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ዕድሜዬ 29 ነው። የምኖረው ከከተማው ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር በተከራየናት ስቱዲዮ ቤት ውስጥ ነው። ሁለታችንም ተዋናዮች ነን። የተዋወቅነው ከ9 ዓመት በፊት በአንድ የትወና ማሠልጠኛ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ አብረን ያልተሰለፍንበት ኦዲሽን፣ ተካፍለን ያልበላነው ምሳ የለም። እናቴ ስትሞት ከቀብሩ እስከ አርባው ድረስ ከጎኔ ያልተለየችው እሷ ናት።

ከ3 ዓመት በፊት አንድ ሐሙስ ማታ የኦዲሽን ጥሪ በቴሌግራም ደረሰኝ። የላከልኝ ሰው «ለጓደኛሽም ንገሪያት» ብሎ ጽፎበታል። በዚያ ሰዓት ውኃ ጠፍቶ ስለ ነበር እሷ ከታች ጀሪካን እየሞላች ወደ ላይ ታወጣ ነበር። ሦስተኛውን ጀሪካን በሩ ሥር አስቀምጣ ቁና ቁና ስትተነፍስ፣ እኔ ስልኬን ገልብጬ መስኮቱ ደፍ ላይ አኖርሁት። በነጋታው «ሰበታ አክስቴ ጋ ደርሼ ልምጣ» ብያት ወጣሁ። ደህና ጫማ ስላልነበረኝ የእሷን ጥቁር ጫማ ለመንኋት፤ በጨርቅ ወልውላ ሰጠችኝ። በኦዲሽኑ አላለፍሁም። ቅዳሜ ማታ «መልእክቱን ገና አሁን ማየቴ ነው፤ አመለጠን» ስላት፣ «አይዞሽ፣ የእኛ ካልሆነ ምን ይደረጋል» ብላ እኔኑ አጽናናችኝ።

ከዓመት ተኩል በፊት በአንድ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ትልቅ ሚና አገኘች። አሁን ታክሲ ውስጥ ሰው በገጸ ባሕርይዋ ስም ይጠራታል፤ ከብሎካችን ሥር ያለው ባለሱቅ ደግሞ እኔን ባየ ቁጥር «አንቺስ መቼ ነው የምናይሽ?» ይለኛል። ስልክ ሲደወልላት ኮሪደር ወጥታ ታነሣለች። እኔም እንደ ንቀት ቆጥሬዋለሁ።

ከሁለት ወር በፊት አንድ ዳይሬክተር ሁለታችንንም ለአንድ ፊልም መረጠን። ታሪኩ የሥነ ልቡና ነው። ከሁለት ተዋናይት ጓደኛሞች አንዷ ዝነኛ ስትሆን፣ ሌላዋ አለባበሷን፣ ድምፅዋን፣ በመጨረሻም ኑሮዋን ለመውሰድ የምትሞክርበት ነው። ቀናተኛዋን የምጫወተው እኔ ነኝ። ለዝግጅት እንዲረዳን አሜሪካዊቷ ሶፊያ ታካል እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣችውን «ኦልዌይስ ሻይን» የተባለ ፊልም እንድናይ ሰጠን። እሱም ሁለት ተዋናይት ጓደኛሞች ካሊፎርኒያ ውስጥ ቢግ ሰር ወደሚባል ገለልተኛ የባሕር ዳርቻ ለዕረፍት ሄደው፣ አምቀውት የኖሩት ፉክክር ሲፈነዳባቸው የሚያሳይ ነው። በላፕቶፕ፣ አንድ አልጋ ላይ፣ አንድ ጋቢ ተከናንበን አየነው። ሲያልቅ መብራት ለማብራት ሁለታችንም አልተነሣንም።

ባለፈው ሳምንት ልምምድ ላይ ዳይሬክተሩ ጽሑፉን አስቀምጠን ከሆዳችን የመጣልንን እንድንናገር ነገረን። እየተቀባበልን ቆይተን ድንገት «ያን ቀን ያደረግሁት ጫማ እንኳ ያንቺ ነበር!» ብዬ ጮኽሁ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ ዳይሬክተሩ አጨበጨበ፤ «ይቺ ጽሑፉ ውስጥ ትግባ» አለ። ማታ ስንመለስ ከስታዲየም እስከ ቃሊቲ አንድም ቃል አልተናገረችም። ቃሊቲ ታክሲ ስንቀይር ቀስ ብላ «የጫማውን ነገር ከየት አመጣሽው?» አለችኝ። «እንዲሁ መጣልኝ» አልኋት።

ትዕይንቱ ከሦስት ሳምንት በኋላ ይቀረጻል። እንቅልፍ አጥቻለሁ። ፊልሙን ልተወው? ቤቱን ልልቀቅላት? ወይስ ዝም ብዬ የተሰጠኝን ልጫወት? ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ግን እዚያ ፊልም ውስጥ ያለችው ሴት እኔው ራሴ ብሆንስ የሚለው ነው።

ጫማው የከበዳት፣ ከቱሉ ዲምቱ

---

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። በሁለተኛው ንባብ ዓይኔ የቆመው «ሦስተኛውን ጀሪካን» የምትለው ቦታ ላይ ነው። ከ3 ዓመት በኋላ ጓደኛሽ ያወጣችውን ጀሪካን ቁጥር፣ በሩ ሥር ቆማ የተነፈሰችውን ትንፋሽ፣ ጫማውን የወለወለችበትን ጨርቅ ታስታውሻለሽ። የሌላውን ሰው ኑሮ ለመውሰድ የምትሻ ሴት እነዚህን አታስታውስም፤ የምታስታውሰው ራሷ የጎደለባትን ብቻ ነው። ስለዚህ በመጨረሻ የጻፍሽውን ፍርሃት አስቀድሜ ልመልስልሽ፦ እዚያ ፊልም ውስጥ ያለችው ሴት አንቺ ነሽ ብዬ አላምንም። አንድ ሐሙስ ማታ በእህት ያህል ጓደኛሽ ላይ ክፉ ነገር ያደረግሽ፣ ከዚያም ነገሩን ብቻሽን ተሸክመሽ የኖርሽ ሰው ነሽ። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው።

ክፉ ነገር አደረግሽ ስል ልወቅስሽ አይደለም፤ ብሸፋፍንልሽ ግን አንቺም እንደማታምኚኝ ስለማውቅ ነው። በቋንቋችን ቅናት ሌላ፣ ምቀኝነት ሌላ ነው። ቅናት «ለእኔም በሆነልኝ» ይላል፤ ምቀኝነት ግን «ለእሷ አይሁንላት» ይላል። ሽማግሌዎች «መንፈሳዊ ቅናት» ብለው የመጀመሪያውን የሚያመሰግኑት ሰውን ለሥራ ስለሚያነሣ ነው። ያንቺ ኑሮ ባብዛኛው በዚህኛው ወገን የቆመ ይመስለኛል። ያን ማታ ስልኩን ስትገለብጪ ግን ወደዚያኛው ተሻገርሽ፤ ሲነጋ ደግሞ ጫማዋን አድርገሽ ብቻሽን ሄድሽ። መሻገርሽን ደግሞ ከማንም በላይ ራስሽ ታውቂዋለሽ።

ለምን በእሷ ላይ? ከሁሉ አብልጠሽ በምትወጃት ሰው ላይ? አብርሃም ቴሰር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ተመራማሪ ከአንድ ባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1980 ያሳተመው ጥናት ለዚህ ጥያቄ የሚሆን ነገር አለው። ሰዎች ከጓደኞቻቸው ጋር መጥተው ቃል የማወቅ ጨዋታ እንዲጫወቱ ተደረገ፤ እያንዳንዱ ሰው ለጓደኛውና ለማያውቀው ሰው ፍንጭ መስጠት ነበረበት፤ ፍንጮቹም ከቀላል እስከ ከባድ ተደርድረው ነበር። ተራ ጨዋታ ነው በተባለ ጊዜ ሰዎቹ ቀላሉን ፍንጭ ለጓደኞቻቸው ሰጡ። ጨዋታው ትልቅ ችሎታን የሚለካ ነው በተባለ ጊዜ ግን ነገሩ ተገለበጠና ከማያውቁት ሰው ይልቅ ጓደኞቻቸውን አስቸገሩ። ተመራማሪው ከዚህ ተነሥቶ ያስረዳው፣ የሰው ስኬት የሚያቆስለን ሁለት ነገሮች ሲገጥሙ ነው፤ ሰውየው ሲቀርበን፣ የተሳካለትም ነገር እኛ ራሳችንን የምንለካበት ሲሆን። ጓደኛሽ ነርስ ብትሆንና ሹመት ብታገኝ ኖሮ ከብሎኩ ሥር ቆመሽ እልል ትዪላት እንደ ነበር አልጠራጠርም። የማታውቂያት ተዋናይት ያን ሚና ብታገኝ ደግሞ ለአንድ ማታ ተበሳጭተሽ ትተኚ ነበር። አንቺን የገጠመሽ ሁለቱም በአንዲት ስቱዲዮ ቤት ውስጥ፣ በአንድ ጋቢ ሥር ተገናኝተው ነው። ይህ ጥፋቱን አያነሣልሽም፤ እሾሁ የበቀለው የት እንደ ሆነ ግን ያሳይሻል፤ ከክፉ ተፈጥሮ የመጣ አድርገሽ እንዳትቆጥሪውም ይረዳሻል።

ዳይሬክተሩ የሰጣችሁን ፊልም እኔም አይቼዋለሁ። ከሁለቱ ጓደኛሞች ቀናተኛዋን፣ አናን፣ የተጫወተችው ማኬንዚ ዴቪስ በዚያው ዓመት በትራይቤካ የፊልም ፌስቲቫል በምርጥ ተዋናይትነት ተሸልማበታለች። ከፊልሙ ሁሉ ከአእምሮዬ ያልወጣው ግን ከግድያውና ከድንጋጤው ይልቅ መጀመሪያው ነው። ቤት (Beth) የተባለችው ሌላዋ ጓደኛ ለአንድ ሚና ስትፈተን ካሜራው ፊቷ ላይ ብቻ ያርፋል፤ ሚናው እርቃን መታየትን እንደሚጠይቅ ሲነግሯት ፈገግ ብላ ትስማማለች። ቀጥሎ አና በዚያው ዓይነት አቀራረጽ ፊቷ ሞልቶ ይታያል፤ ተቆጥታ ትናገራለች፤ እሷም ኦዲሽን ላይ ናት ብለን ስንጠብቅ ለካስ ጋራዥ ቆማ መኪናዋን ከሠራው ሰው ጋር በሒሳብ እየተከራከረች ነው። አንዷ እሺ ስትል ሥራ አገኘች፤ ሌላዋ እምቢ ስትል ክፉ ሴት ተባለች። እንደ እኔ ንባብ፣ ሁለቱን ሴቶች ያጣላቸው ገና ከዚያ ቢግ ሰር ከሚባል ዳርቻ ሳይደርሱ በፊት፣ ከካሜራው በስተጀርባ ተቀምጦ ለሴት ልጅ ያለችውን አንዲት ወንበር የሚያድለው ሰው ነው። አንቺም ይህን ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ለአንድ የሴት ሚና ስንት ልጅ ደረጃው ላይ ተሰልፋ እንደምትውል፣ «ቁመትሽ»፣ «መልክሽ»፣ «ተከታይሽ ስንት ነው» እየተባለች እንደምትመለስ አይተሻል። የባለሱቁም ጥያቄ ከዚያው የመጣ ነው። ክፋት ኖሮት አይመስለኝም፤ ግን በየቀኑ ከእሷ ጋር ሚዛን ላይ ያስቀምጥሻል። በነገራችን ላይ፣ ለእሱ የሚሆን አንድ አጭር መልስ ብታዘጋጂ መልካም ነው፤ «እየሠራሁ ነው፣ ሲደርስ እነግርሃለሁ» ብለሽ ዳቦሽን ተቀብለሽ መሄድ ትችያለሽ።

አሁን ወደ ኮሪደሩ ልመለስ። ጓደኛሽ ስልክ ሲደወልላት ወጥታ የምታነሣው ስለምትንቅሽ ነው ብለሻል። ልክ ልትሆኚ ትችያለሽ። ነገር ግን እስኪ ቆም ብለሽ አስቢበት፦ አንድ ክፍል ብቻ ባለው ቤት ውስጥ፣ ሥራ ከምትጠብቅ ጓደኛ አጠገብ ተቀምጦ ስለ ቀረጻ ቀንና ስለ ክፍያ መነጋገር እንዴት ያለ ነገር ነው? ምናልባት የምትወጣው ላለማቁሰል ቢሆንስ? የመጀመሪያውን ክፍያ የተቀበለች ቀን ቤት ገብታ ምን አደረገች? ደስታዋን ላንቺ የነገረችሽ መቼ ነው የመጨረሻው? መልሱን እኔ አላውቀውም፤ አንቺም በግምት እንጂ ጠይቀሽ ያወቅሽው አይመስለኝም። ግምቴ ትክክል ከሆነ፣ እናንተ ቤት ውስጥ መልእክት የሚደብቀው አንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ አንቺ ከቅናት ደበቅሽ፣ እሷ ከርኅራኄ ትደብቃለች፤ በመካከላችሁም ያው ዝምታ ተቀምጧል።

ሌላም ጥያቄ አለኝ። «የጫማውን ነገር ከየት አመጣሽው?» ብላ ስትጠይቅሽ፣ ከስታዲየም እስከ ቃሊቲ ያን ያህል መንገድ ያሰበችበት ጥያቄ ነው። የዚህ ሙያ መንደር ጠባብ ነው፤ በዚያ ኦዲሽን ላይ ያየሽ ሰው አይጠፋም፤ በሦስት ዓመት ውስጥ አንዱ «ጓደኛሽን እኮ እዚያ አይቻት ነበር» ብሏት ሊሆን ይችላል። ላታውቅም ትችላለች። እኔ ግን አንቺን ብሆን፣ በከፊል የምታውቅ፣ በከፊልም ካንቺ አፍ ለመስማት የምትጠብቅ ሰው እንደ ሆነች አድርጌ አስባት ነበር። ጥያቄዋ ክስ አልነበረም። በር ከፍታልሽ ነበር፤ አንቺም ደንግጠሽ «እንዲሁ መጣልኝ» አልሽና ዘጋሽው። ዛሬም ያ በር ጨርሶ የተቆለፈ አይመስለኝም።

ካቀረብሻቸው ሦስት መንገዶች እያንዳንዱን አስቤበታለሁ። ፊልሙን ብትተዪው ለዳይሬክተሩ ምክንያት መስጠት ይኖርብሻል፤ ለእሷም እንደዚሁ፤ ምክንያቱን ካልነገርሻት ደግሞ «በእኔ ቀንታ ተወችው» ብላ ታስብ ይሆናል፤ ያም ከእውነቱ ይልቅ ይጎዳታል። ለብዙ ዓመት የጠበቅሽውን ሚናም ታጫለሽ። ቤቱን መልቀቅ አንድ ቀን ያስፈልግ ይሆናል፤ አሁን ብታደርጊው ግን ሽሽት ነው፤ ጫማው ተከትሎሽ ይመጣል።

ዝም ብለሽ መጫወትን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ምክንያቱን በደንብ ላስረዳሽ። ያቺ ዐረፍተ ነገር አሁን ጽሑፉ ውስጥ ገብታለች። ከሦስት ሳምንት በኋላ መብራቱ ተተክሎ፣ የድምፅ ባለሙያው ዘንጉን ከራሳችሁ በላይ ይዞ፣ ያ ሁሉ ሠራተኛ ከቧችሁ ቆሞ፣ እውነቱን ፊት ለፊቷ ትነግሪያታለሽ፤ እሷ ግን መመለስ አትችልም፤ መልሷ አስቀድሞ ተጽፎላታልና። ብታለቅስ ዳይሬክተሩ «አሪፍ ነው፣ ድገሙት» ይላል። እሷም የሰማችው እውነት ይሁን ትወና ሳታውቅ ማታ ካንቺ ጋር ታክሲ ትሳፈራለች። እህቴ፣ ይህ ከሐሙስ ማታው የሚለየው በምንድን ነው? ያኔም መልእክቱ እጅሽ ላይ ነበር፤ ዛሬም እጅሽ ላይ ነው። ካሜራ ፊት ከደረሳት ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ ዘግይቶ ደረሳት ማለት ነው።

ስለዚህ ምክሬ ከቀረጻው በፊት፣ በገዛ ድምፅሽ፣ ያለ ጽሑፍ ንገሪያት የሚል ነው። እስከ መጨረሻው ሳምንት አታቆዪው፤ ለመቆጣትም፣ ለማሰብም፣ ከፈለገች ፊልሙን ለመተውም ጊዜ ሊኖራት ይገባል።

ቦታውን በጥንቃቄ ምረጪ። ቤታችሁ ስቱዲዮ ነው፤ በሩ አንድ ነው፤ ነግረሻት ብቻዋን መሆን ብትፈልግ መጸዳጃ ቤት ካልገባች በቀር መሄጃ የላትም። ታክሲ ውስጥም አይሆንም፤ በገጸ ባሕርይዋ ስም የሚጠራት ሰው አይጠፋምና። ቀረጻ በሌለባት ቀን ማለዳ፣ ወደ ፈጣኑ መንገድ መነሻ በኩል ወይም ሰው በማይበዛበት በማንኛውም ሜዳ አብራችሁ ውጡ፤ ስትፈልግ ጥላሽ መሄድ እንድትችል። ስንነጋገር ይረሳኛል ብለሽ ከፈራሽ አስቀድመሽ በወረቀት ጻፊው፤ ግን አታንብቢላት።

ስትነግሪያት ከድርጊቱ ጀምሪ። «ከ3 ዓመት በፊት ሐሙስ ማታ፣ ውኃ ስታወጪ፣ ለሁለታችን የተላከ የኦዲሽን ጥሪ ስልኬ ላይ ነበር። አልነገርሁሽም። በነጋታው ሰበታ አልሄድሁም፤ ኦዲሽኑ ላይ ሄድሁ፤ በጫማሽ። ቅዳሜ ማታም ዋሸሁሽ» በያት። ይኸው ነው። ኪራይ ተቸግረሽ እንደ ነበር፣ በራስሽ ተስፋ ቆርጠሽ እንደ ነበር፣ ካልጠየቀችሽ በቀር በዚያ ቀን አታንሺው፤ ምክንያት ከይቅርታ ቀድሞ ሲመጣ ሰሚውን ዳኛ ያደርገዋልና። የኮሪደሩንም ነገር በዚያ ቀን ፈጽሞ አታምጪው። እሱን ሌላ ቀን፣ የእሷ ቁጣ ካለፈ በኋላ፣ በክስ ሳይሆን በጥያቄ ታነሺዋለሽ።

አንድ ነገር በተለይ ተጠንቀቂ። ያን ቅዳሜ ማታ «አይዞሽ» ብላ ያጽናናችሽ ልጅ አሁንም ቸኩላ «አይዞሽ፣ ያለፈ ነገር ነው» ልትልሽ ትችላለች። ልቧ እንደዚያ የለመደ ይመስለኛል። ቶሎ አትቀበዪያት። «መቆጣት መብትሽ ነው፤ ዛሬ ካልሆነ ነገም ብትቆጪ እሰማሻለሁ» በያት። ከ3 ዓመት በፊት በውሸት የወሰድሽባትን ማጽናኛ፣ እውነቱን በነገርሻት ቀን ደግመሽ አትውሰጂባት።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አንቺም እኔም ልንወስነው አንችልም። ልታኮርፍ ትችላለች፤ ጥቂት ቀን አትምጪብኝ ልትልሽም ትችላለች። ለዚያ ቀን የሚሆን ማደሪያ አስቀድመሽ አስቢ፤ ሰበታ ያለችው አክስትሽ ጋ በዚህኛው ጊዜ እውነትሽን ልትሄጂ ትችያለሽ። የሁለታችሁ ወዳጆች ነገሩን ሰምተው በማግሥቱ ሊያስታርቋችሁ ቢመጡ፣ በደለኛዋ አንቺ ስለ ሆንሽ አስታራቂ የምትጠራው አንቺ አትሁኚ። እሷ ሰው በመካከል ይግባ ካለች ይግባ። ብዙ ጊዜ ሽምግልና ያለ ሰዓቱ ሲመጣ የተበደለውን ሰው ሳይበርድለት እንዲስም ያስገድደዋል፤ እንዲያ የተሳመ ሰው ደግሞ ቁጣውን ይዞ ነው የሚኖረው።

ስለ ሥራው ጉዳይ ጥቂት ልጨምር። ዳይሬክተሩን አልወቅሰውም፤ ተዋናይን ከጽሑፍ አውጥቶ ማለማመድ የታወቀ መንገድ ነው። ነገር ግን አብረው የሚኖሩ ሁለት ጓደኛሞችን በገዛ ቁስላቸው ማለማመድ ልክ ሊበጅለት ይገባል። ሁለታችሁም ከተስማማችሁ አብራችሁ ሄዳችሁ «የማንነካው ነገር አለ፤ ከሁለታችን አንዳችን አቁሙ ስትል ልምምዱ ይቆማል» በሉት፤ ዝርዝሩን የመንገር ግዴታ የለባችሁም። ቀረጻ ባለቀ ቁጥርም ልብሱን አውልቃችሁ፣ ፊታችሁን ታጥባችሁ፣ ታክሲ ከመሳፈራችሁ በፊት በእውነተኛ ስማችሁ ተጠራሩ። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ገጸ ባሕርይዋን እዚያው ጥላችሁ ለመምጣት ግን ይረዳል።

ፊልሙ ለሰው ሲታይም ወሬ ፈላጊ እንደሚመጣባችሁ ከወዲሁ እወቁት። እ.ኤ.አ. በ1962 የሆሊውድ ተዋናዮቹ ቤቲ ዴቪስና ጆአን ክራውፎርድ በአንድ አስፈሪ የሥነ ልቡና ፊልም ላይ ሁለት የሚጠላሉ እህትማማቾች ሆነው ተጫወቱ። በማግሥቱ ዓመት ዴቪስ ለኦስካር ስትታጭ ክራውፎርድ አልታጨችም፤ ሆኖም በሥነ ሥርዓቱ ላይ ያልተገኘችው አን ባንክሮፍት ስታሸንፍ፣ በእሷ ስም መድረክ ወጥታ ሽልማቱን የተቀበለችው ክራውፎርድ ሆነች። ሁለቱ ድንቅ ተዋናዮች ነበሩ፤ ከ60 ዓመት በኋላ ዛሬም ሰው አብዝቶ የሚያወራው ግን ስለ ጠባቸው ነው። «በእውነትም ትቀኚባታለሽ እንዴ?» የሚል ጋዜጠኛ ፊት አንድ ቀን ጎን ለጎን ትቀመጡ ይሆናል። በመካከላችሁ ያልተነገረ ነገር ይዛችሁ ከተቀመጣችሁ ያ ጥያቄ ይሰነጥቃችኋል።

ልምምዱ ላይ ክፍሉ ጸጥ ያለው በጭካኔሽ ተደንቆ አይደለም፤ እውነት ስለ ተናገርሽ ነው። ያ ችሎታ ያንቺ ነው፤ ከጓደኛሽ የወሰድሽው አይደለም። ግን አንድ ነገር ለብቻሽ ጠይቂ፦ ያን ዓርብ ጠዋት የፈለግሽው ሚናውን ነው ወይስ ለአንድ ቀን እንኳ ከእሷ ጋር ሳትነጻጸሪ ብቻሽን መታየትን? ሁለተኛው ከሆነ፣ ከዚህ ፊልም በኋላ ኦዲሽን ለየብቻ መሄድ፣ ጥሪውን ግን ሁለታችሁም በምታዩት ቦታ፣ ለምሳሌ በሁለታችሁ ብቻ በተከፈተ የቴሌግራም ገጽ ላይ ማስቀመጥ ሊረዳችሁ ይችላል። እንቅልፍ ማጣቱ ከነገርሻትም በኋላ ከቀጠለ፣ በአቅራቢያሽ ያለ ጤና ጣቢያ ሄደሽ የአእምሮ ጤና ባለሙያ እንዲያገናኙሽ ጠይቂ፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ሁሉ ነገር ከልኩ በላይ ይከብደዋል።

የጫማዋን ዐረፍተ ነገር በተመለከተ፣ ትቆይ ወይስ ትውጣ የሚለውን ዳይሬክተሩም አንቺም ከመወሰናችሁ በፊት የጽሑፉን ገጽ ለእሷ ስጫት። ትሰረዝ ካለች ሁለታችሁ ሄዳችሁ አሰርዟት። ትቀረጽ ካለች ደግሞ በቀረጻው ቀን የራስሽን ጫማ አድርገሽ ሂጂ።